ጋራ በቀን አይመረጥም፦ ለትልቅ ቴሌስኮፕ ቦታ ስንፈልግ

ሐረር ላይ ፊዚክስ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ስለ ከዋክብት የምናወራበት ሳምንት ሲደርስ ከተማሪዎቹ አንዱ «ቲቸር፣ እዚህ አካባቢ ትልቅ ቴሌስኮፕ ይተከል ቢባል የት ይሆናል?» ማለቱ አይቀርም። መልሱን ከእኔ አይጠብቁም። ገሚሱ በመስኮት ሐኪም ጋራን ያሳየኛል። የግራዋው ልጅ ጋራ ሙለታን፣ የጉርሱሙ ቁንዱዶን ይላል፤ ድሬ ዘመድ ያለው ደንገጎን ይጨምራል። ሁሉም ለሰፈሩ ጋራ ይሟገታል። ጋራውን የሚያውቁት ግን ሁሉም በቀን ነው።

ቴሌስኮፕ የሌሊት ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ጋራው የሚመዘነው በሌሊት ጠባዩ ነው፤ ያንን ጠባይ ለማወቅ ደግሞ ቢያንስ ሁለት ዓመት መታገሥ ይጠይቃል። ከዚህ በታች የሥራውን ቅደም ተከተል አስቀምጫለሁ፤ አራቱን የተማሪዎቼን ጋራዎች እንደ መልመጃ ይዘን እንሄዳለን። በውጭ አገር ስለተከናወኑ ነገሮች የምጽፋቸው ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚባለው በዚህ ሙያም ደርሷል። እንግሊዞች የመስታወቱ ስፋት ሁለት ሜትር ተኩል የሆነውን የአይዛክ ኒውተን ቴሌስኮፕ በ1967 ኸርስትሞንሶ በሚባል፣ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ በማይል፣ ደመናና እርጥበት በማይለየው ቦታ ተከሉት። መመልከቻ ጣቢያቸው ያኔ እዚያ ነበርና ለሠራተኛው ቅርብ ነው። በኋላ ግን ነቅለው በካናሪ ደሴቶች ላ ፓልማ ላይ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ወዳለ ተራራ ወሰዱትና በ1984 እንደገና ሥራ አስጀመሩት። ሁለት ጊዜ ከመትከል ሁለት ዓመት መለካት ይረክሳል።

ደረጃ 1፦ ምን ልታዩበት እንደሆነ ወስኑ

ለራዲዮ ቴሌስኮፕ የከተማ መብራት ግድ አይሰጠውም፤ ጠላቱ የሞባይልና የኤፍ ኤም ማሠራጫ ነው፤ ስለዚህ በተራራ የታጠረ ሸለቆ ይመቸዋል። በዓይን የሚታየውን ብርሃን የሚሰበስብ ቴሌስኮፕ ግን በተቃራኒው ጫፍ ይፈልጋል። ኢንፍራሬድ የሚያይ ከሆነ የአየሩ እርጥበት ከምንም በላይ ይጎዳዋል። ይህን ሳይወስኑ ጋራ መፈለግ ምጣዱ ሳይታወቅ ሊጥ እንደማቡካት ነው። እኔ ከዚህ በኋላ የምናገረው በዓይን ለሚታየው ብርሃን ስለሚሠራው ነው።

ቀጥሎ ከቦታችሁ የትኛው ሰማይ እንደሚታይ አስሉ። ሐረር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ አለፍ ብላ ትገኛለች። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ይላል፤ ጉብታ ካለ አይታይም። በደቡብ በኩል ግን የደቡብ መስቀል የታችኛው ኮከብ ሳይቀር 17 ዲግሪ ያህል ይወጣል። የጋላክሲያችን እምብርት ከ50 ዲግሪ በላይ ከፍ ብሎ ያልፋል። አውሮፓ ላይ ያለ ቴሌስኮፕ ይህንን አያገኝም። ሌላም ጥቅም አለ፤ የእኛ ኬንትሮስ 42 ዲግሪ ምሥራቅ ሆኖ በህንዱ የሃንሌ መመልከቻ ጣቢያ (79 ምሥራቅ) እና በላ ፓልማ (18 ምዕራብ) መካከል ይወድቃል። ድንገት የፈነዳ ኮከብ ሃንሌ ላይ ሲነጋበት እኛ እንቀበለዋለን፣ እኛ ላይ ሲነጋ ላ ፓልማ ይረከበናል።

ነገር ግን ሒሳቡን እስከ መጨረሻው አስሉት። ያ የጋላክሲ እምብርት እኩለ ሌሊት ላይ በሰማዩ ከፍተኛ ቦታ የሚያልፈው በሰኔ ነው። ሰኔ ደግሞ ክረምት ነው። ስለዚህ ሐረርጌ ላይ የሚተከል ቴሌስኮፕ እምብርቱን የሚያገኘው በአብዛኛው በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ሊነጋጋ ሲል ነው፤ የበልግ ደመና ከፈቀደ። የበጋውን ሌሊት እነ ኦርዮን ይወስዱታል። «ሰማዩ ሁሉ ይታየናል» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ይህን ካልጨመረ ግማሹን ደብቋል።

ደረጃ 2፦ ከወንበር ሳትነሱ የሚሰረዘውን ሰርዙ

ሦስት ነገር አውርዱ። አንደኛው ጠፈር መንኮራኩር በ2000 የለካው የከፍታ ካርታ ነው። ሁለተኛው የሌሊት መብራት የሚያነሡ ሳተላይቶች ምስል። ሦስተኛው ቴራ እና አኳ የሚባሉት ሳተላይቶች የሰበሰቡት የብዙ ዓመት የደመና መዝገብ ነው። መዝገቡ በተሰበሰበበት አብዛኛው ዘመን ቴራ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ አኳ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ያልፉ ነበር። የቀኑን ምስል ተዉትና የሌሊቱን ብቻ ውሰዱ፤ ለምን እንደሆነ ደረጃ 3 ላይ ይገባችኋል።

ከዚያ በድሬዳዋ፣ በሐረር፣ በሐረማያ፣ በአወዳይ፣ በባቢሌና በጅጅጋ ዙሪያ ክብ ሥሩ። የከተማ ብርሃን በሰማይ ላይ የሚያሳድረው ጫና ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ከአምስት እጥፍ በላይ ይቀንሳል። ከሕዝቡ ቁጥር ጋር ግን አብሮ ይጨምራል። ስለዚህ የዛሬውን ከተማ ሳይሆን ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚኖረውን ገምቱ፤ ቴሌስኮፑ ያኔም እዚያው ነው።

እዚህ ላይ ሁለቱ ይወድቃሉ። ሐኪም ጋራ ሐረርን ቁልቁል የሚያይ ውብ ቦታ ነው፤ ሐረር ከሥሩ ናትና ውበቱ ራሱ ክሱ ነው። ደንገጎም ድሬዳዋን እግሩ ሥር አስቀምጧል። ከቆላው የሚወጣው አየር ዳገቱን ሲያገኝ ጉም ይሆናል፤ መንገዱ ላይ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ መኪና አለ። የአወዳይ ጫት ሌሊትም ይጓዛል። ኩርባው ላይ የሚታጠፍ አይሱዙ በረጅም መብራቱ ጋራውን ሲጠርገው አንዴ ያየ ሰው ቴሌስኮፕ እዚያ አይመኝም።

እንጦጦን እዚህ ላይ አንሡት። በ3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉ፤ አዲስ አበባ ግን ከሥራቸው ናት። ለማስተማርና ባለሙያ ለማፍራት ቅርበቱ ይጠቅማል። ለደብዛዛ ጋላክሲ ግን ከከተማ መራቅ ግድ ነው፤ በላሊበላ ዙሪያ ያሉት ተራሮች ለሌላ ጣቢያ መታሰባቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ደረጃ 3፦ ከፍታውን ሳይሆን ቅርጹን እዩ

ጋራ ሙለታ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው። ልጅ ኢያሱ በግዞት የቆዩበት አገር መሆኑ ራሱ ለመድረስ ቀላል እንዳልነበር ይነግራችኋል። ቁንዱዶ 3,000 ሜትር ገደማ ሆኖ አናቱ እንደ ጠረጴዛ የተደለደለ አምባ ነው። ተማሪዎቼ «ከፍ ያለው ያሸንፋል» ይላሉ። ከፍታ በእርግጥ ይጠቅማል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ስትወጡ ከአየሩ ሲሶ ያህሉን፣ ከውሃ ተኑ ደግሞ ከግማሽ በላዩን ከሥራችሁ ትተዉታላችሁ። ግን የዓለም ትልቁ ቴሌስኮፕ፣ መስታወቱ 39 ሜትር የሚሆነው፣ ቺሌ ውስጥ እየተሠራ ያለው በ3,046 ሜትር ላይ ነው። እዚያው አገር ከዚያ የሚበልጥ ተራራ ሞልቷል። የተመረጠው ጋራ ብቻውን የቆመ፣ ነፋሱ ሳይሰበር የሚደርስበት፣ በበረሃ የተከበበ በመሆኑ ነው።

ነፋስን እንደ ወንዝ አስቡት። ወንዙ ድንጋይ ሲያገኝ ከድንጋዩ በፊት ጸጥ ብሎ ይፈስሳል፤ ከድንጋዩ በኋላ ይሽከረከራል። ቴሌስኮፕም ከነፋሱ በኩል ባለው የጋራ ጠርዝ ላይ ይቀመጣል፤ ከፊቱ ሌላ ጋራ ሊኖር አይገባም። በእኛ አገር የበጋው ነፋስ በአብዛኛው ከሰሜን ምሥራቅ ነው። ስለዚህ አምባ ከሆነ የሰሜን ምሥራቁ ጠርዝ ይፈተሽ፤ መሐሉ አይሆንም። በቀን የሞቀው ሜዳ ሌሊት ሙቀቱን ሲተፋ አየሩን ይንጠዋል።

ጎድጓዳ ቦታም አይሆንም። ሌሊት ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ቁልቁል ወርዶ እዚያ ይተኛል፣ ጉምም ይሠራል። ጠዋት ከጋራ ላይ ሆናችሁ ሸለቆውን ወተት የፈሰሰበት ካስመሰለው፣ ቦታችሁ ተስፋ አለው። ደመናው ከእናንተ በታች ነው።

የቀኑ ደመና የሚያሳስተውም እዚህ ጋ ነው። ትልቅ ጋራ ከሰዓት በኋላ የራሱን ደመና ይሠራል፤ ፀሐይ ያሞቀችው አየር ዳገቱን ይዞ ወጥቶ ይቀዘቅዛል። ፀሐይ ስትገባ ያ ደመና ብዙ ጊዜ ይበተናል። ከድሬ ሆኖ አሥር ሰዓት ላይ ወደ ደጋው የሚያይ ሰው «ሁልጊዜ ደመና ነው» ብሎ ጋራውን ይንቀዋል፤ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ግን እዚያው ጋራ ላይ ከዋክብት እንደ ጤፍ ፈስሰው ይሆናል። ተቃራኒውም አለ፤ ቀን ጠርቶ ውሎ ሌሊት ጉም የሚለብስ ጠርዝ።

ደረጃ 4፦ ጨለማውን ለኩ

በእጅ የሚያዝ የሰማይ ጥቁረት መለኪያ አለ፤ ዋጋው ከጥሩ ስልክ አይበልጥም። ቁጥሩ ሲጨምር ሰማዩ ይጠቁራል፤ ከሰው መብራት ነፃ የሆነ ሰማይ 22 አካባቢ ይሰጣል፣ ከተማ መሐል 18 እና ከዚያ በታች ይሆናል። የሚለካው ጨረቃ በሌለችበት፣ ፀሐይ ከገባች ከአንድ ሰዓት ከሩብ በኋላ፣ ወደ አናት ተደርጎ ነው። ፍኖተ ሐሊብ አናታችሁ ላይ ካለ ጠብቁ፤ የእርሱ ብርሃን ንባቡን ያበላሻል።

ደረጃ 5፦ የአየሩን እርጋታ ለኩ

ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ነው። ጥሩ ቦታ ከመጥፎ የሚለየው ከሁሉ በላይ በዚህ ልኬት ነው፣ በዓይንም አይታይም።

ኮከብ ብልጭ ድርግም የሚለው በላያችን ያለው ሞቃትና ቀዝቃዛ አየር ስለሚተራመስ ነው። ይህ መተራመስ የኮከቡን ምስል ያደበዝዘዋል። የድብዘዛው ስፋት የሚለካው በአርክ ሰከንድ፣ ማለትም በአንድ ዲግሪ 3,600ኛ ነው። ሁለት ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የካፖርት ቁልፍ ከአራት ኪሎ ሜትር ላይ ሲታይ አንድ አርክ ሰከንድ ያህላል። የዓለም ምርጥ ቦታዎች ከ0.7 ገደማ አይበልጡም። አየሩ 1 አርክ ሰከንድ ከሆነ፣ የምስሉን ጥራት በተመለከተ ብቻ፣ 39 ሜትሩም ቴሌስኮፕ ልዩ ማስተካከያ ካልተገጠመለት ከ10 ሳንቲ ሜትር ቴሌስኮፕ አይሻልም። ብርሃን ይሰበስባል እንጂ ጥርት አያደርግም። በሌላ አነጋገር፣ ድብዘዛው በግማሽ የቀነሰበት ቦታ ለደብዛዛ ኮከብ መስታወቱን በእጥፍ የማስፋት ያህል ይቆጠራል። ከመስታወት ዋጋ አንጻር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መለኪያው ዲም ይባላል። ስፋቱ ከ25 እስከ 35 ሳንቲ ሜትር በሆነ ትንሽ ቴሌስኮፕ አፍ ላይ ሁለት ክብ ቀዳዳ ያለው ክዳን ይደረጋል፤ በአንዱ ቀዳዳ ላይ ብርሃኑን በትንሹ የሚያጥፍ መስታወት ይለጠፋል። አንድ ኮከብ ሁለት ነጥብ ሆኖ ይታያል። ፈጣን ካሜራ በሺህ የሚቆጠሩ ፎቶዎች ያነሣል፣ እያንዳንዱም ከመቶኛ ሰከንድ ያነሰ ነው። አየሩ ሲተራመስ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት ይጨፍራል፤ ከጭፈራው ድብዘዛው ይሰላል። ዘዴው የተወደደው ነፋስ መሣሪያውን ቢያወዛውዘው እንኳ ሁለቱ ነጥቦች አብረው ስለሚወዛወዙ ርቀታቸው ስለማይለወጥ ነው።

መሬት ላይ አታስቀምጡት። ከመሬት ጥቂት ሜትር ድረስ ያለው አየር ሁልጊዜ ይታመሳል፤ ትልቁ ቴሌስኮፕ ግን ከዚያ በላይ ነው የሚቀመጠው። ቢያንስ 5 ሜትር የሆነ ማማ ሥሩ፣ ሰው የሚቆምበትም መሣሪያው ካለበት ምሰሶ ጋር አይነካካ። ማታ ማማው አጠገብ እሳት አንድዳችሁ በቆሎ አትጥበሱ። ሆጃችሁን በፔርሙዝ ይዛችሁ ውጡ።

መሣሪያው እስኪገኝ ድረስ ዓይናችሁን ተጠቀሙ። አድማስ አካባቢ ያለ ኮከብ የትም ይርገበገባል። አናታችሁ ላይ ያለው ደማቅ ኮከብ ጭምር ከተርገበገበ ግን አየሩ መጥፎ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚወድቅበትን ልንገራችሁ፤ እኔም ወድቄበታለሁ። በአንድ የታኅሣሥ ሌሊት ከተማሪዎች ጋር አንድ ጋራ ወጣን፤ ሰማዩ እንደ መስታወት ነበር። «አገኘነው» ብለን ወረድን፣ ለወር ያህልም አወራን። በሚያዝያ ተመልሰን ስንወጣ ሦስት ሌሊት ሙሉ ከደመና ሌላ ምንም አላየንም። ጥሩ ሌሊት መርጦ የሚወጣ ሰው ጥሩ ቁጥር ይዞ ይወርዳል። ስለዚህ መዝገቡ ላይ ሌሊቱ ሁሉ ይግባ፤ ደመና የሆነበትም፣ ጄነሬተር የጠፋበትም፣ ጠባቂው የታመመበትም፣ ከነምክንያቱ። ሰማዩን በየአምስት ደቂቃው የሚያነሣ ክብ ሌንስ ያለው ካሜራ ትከሉ፣ እሱ አይሰለችም።

ስለ ጅብም ይጠይቁኛል። ሐረር የለመደው ጅብ ሌላ ነው፣ የጋራው ሌላ። የምግብ ትርፍራፊ አታስቀሩ፣ ለብቻችሁም አትውጡ፤ ቀዩን የእጅ ባትሪ ለሥራ፣ ነጩን ለእርሱ ያዙ።

ደረጃ 6፦ ነፋስ፣ እርጥበት፣ አቧራ

ከዲሙ ጎን የአየር ጠባይ መለኪያ ይቁም። ብዙ ቴሌስኮፖች እርጥበቱ ከ85 በመቶ ሲያልፍ፣ ነፋሱም በሰከንድ 15 ሜትርን ሲሻገር ለመዘጋት ይዘጋጃሉ። ለእኛ አቧራው ይበልጥ ያሳስባል፤ ከአፋርና ከሶማሌ ቆላ ይነሣል፣ ከድሬ በኩል የሲሚንቶ ፋብሪካም አለ። አቧራ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። አየር ላይ እያለ የኮከቡን ብርሃን ይውጣል፤ ሲያርፍ ደግሞ መስታወቱን ያደክማል። የአልሙኒየም ቅቡ በየዓመት ሁለት ዓመቱ ይታደሳል፤ ለዚያ የሚሆን ማሽን በጣቢያው መኖር አለበት።

ደረጃ 7፦ መንገድና መሠረት

መስታወቱ በጅቡቲ ወደብ ይገባል፣ በባቡር ድሬዳዋ ይደርሳል። ድሬን ከተማ ያደረጋት ባቡር ነው፤ ሐዲዱ በ1902 እ.ኤ.አ. ከደረሰ ወዲህ የውጭ ዕቃ መቀበል ለምዳለች። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው፤ የደንገጎ ኩርባ። ስምንት ሜትር የሚሰፋ አንድ ወጥ መስታወት በዚያ አይዞርም። መልካሙ ነገር ትልልቆቹ ቴሌስኮፖች አሁን በቁርጥራጭ መሠራታቸው ነው። ሰዘርላንድ ላይ ያለው የደቡብ አፍሪካው ቴሌስኮፕ መስታወት አንድ አንድ ሜትር የሆኑ 91 ባለ ስድስት ጎን ቁራጮች ነው። እነዚህን አይሱዙም ያወጣቸዋል፣ ሾፌሩ ቀስ ካለ። ቁንዱዶ ላይ ግን ወደ አናቱ የሚወጣው በእግር ነው፤ የመንገዱ ወጪ ከቴሌስኮፑ ጋር አንድ ላይ ይታይ።

መሠረቱን በተመለከተ ከላይ ጥቁር ድንጋይ አይታችሁ አትርኩ። በድሬና በሐረር ዙሪያ የኖራ ድንጋይ ብዙ ነው፣ የኖራ ድንጋይ ደግሞ ዋሻ ይደብቃል፤ ድሬ አጠገብ ያለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ምስክር ነው። ስለዚህ ይቦርቦር፣ ናሙና ይውጣ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ምድር ስትንቀጠቀጥ የከረመችውን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ ስምጥ ሸለቆው ጎረቤታችን ነውና መሐንዲሱ ይህን በሒሳቡ ያስገባ። የቴሌስኮፑ ምሰሶ ከሕንፃው ወለል ተነጥሎ ይቁም፤ ሰው ሲራመድ ኮከብ እንዳይዘል።

ደረጃ 8፦ ከማማው በፊት ሰውን

ሀዋይ ላይ ማውና ኬያ 4,200 ሜትር ሆኖ አየሩ በዓለም ከምርጦቹ ነው። መስታወቱ 30 ሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ ሊሠራበት ቢታሰብም፣ ተራራው ለአገሬው ሰዎች የተቀደሰ በመሆኑ በ2015 እና በ2019 መንገድ ላይ ቆመው አስቆሙት። አየሩ እንከን አልነበረበትም።

በእኛም አገር ጋራ ባዶ ሆኖ አያውቅም። አናቱ ላይ የአዋች (የወሊዮች) ቀብር፣ ዝየራ የሚደረግበት ቦታ፣ የግጦሽ መሬት፣ ሥሩ የጫት ማሳ አለ። ስለዚህ ዲሙን ይዛችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ከሽማግሌዎችና ከአባ ገዳዎች ጋር ተቀመጡ፤ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በኦሮምኛ፣ እንደ ቦታውም በሐረሪ። ምን እንደምትለኩ፣ ስንት ዓመት እንደምትቆዩ፣ ቦታው ካልተመረጠ ማማውን ነቅላችሁ እንደምትሄዱ ንገሩ። በዚያው ስለ መብራት አንሡ፤ የመንገድ መብራት አናቱ ተከድኖ ወደ ታች ብቻ ቢያበራ፣ ነጭ ሰማያዊው በቢጫ ቢተካ፣ ለመንደሩ ብርሃኑ አይቀንስም፣ ለጋራው ግን ትልቅ ለውጥ ነው። ከተማ ካደገ በኋላ ይህን መጠየቅ ዘግይቷል።

ታዲያ የት?

እኔ ብጠየቅ ሐረርጌን እንደ ቺሌው የአታካማ በረሃ አላደርገውም፤ ክረምቱ ይቀማናል፣ በልጉም ያንቆራጥጠናል። ለ39 ሜትር አልመኝም። ከአንድ እስከ ሁለት ሜትር ለሚሆን ቴሌስኮፕ ግን ሁለቱን የተረፉትን፣ ቁንዱዶንና ጋራ ሙለታን፣ በእኩል ሌሊት እለካለሁ። ሁለት አንድ ዓይነት ዲም ገዝቼ መጀመሪያ ጎን ለጎን ለሁለት ሳምንት አንድ ቦታ አቆማቸዋለሁ፤ ያኔ አንዱ ከሌላው ቢለይ ስህተቱ የመሣሪያው እንጂ የጋራው አለመሆኑ ይታወቃል። ከዚያ አንዱን ጋራ ሙለታ ላይ፣ አንዱን ቁንዱዶ ሰሜን ምሥራቅ ጠርዝ ላይ እተክላለሁ። ሐረር እዚያ ከጀርባ ትሆናለች፤ ጅጅጋ በምሥራቅ ምን ያህል እንደምታበራ የጥቁረት መለኪያው ይነግረናል።

የቁንዱዶውን ማማ ግን ያለ አጥር አልተወውም። አናቱ ላይ ባለቤት የሌላቸው ፈረሶች ይግጣሉ፤ ፈረስ ደግሞ ምሰሶ ካገኘ ጎኑን ሳያክክበት አያልፍም።